የእኔን ብልሽት ለእሳቸው፣ የእሳቸውን ለእኔ

ላፕቶፑ መጀመሪያ ጭልም ሲል ቀና ብዬ ያየሁት አምፖሉን ነው። ታቦር ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ውስጥ አንድ ነገር በድንገት ከጨለመ መብራት ሄዷል ማለት ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። አምፖሉ ግን በርቷል። እንዲያውም የዚያን ዕለት እንደበራው በርቶ አያውቅም። ላፕቶፑን ዘጋሁት፣ ከፈትኩት፣ በስመ አብ ብዬ እንደገና አስነሣሁት፤ ተነሣ። ደስ ብሎኝ አንድ ገጽ ሳልሞላ ተመልሶ ጨለመ። ከተገዛ ገና ሳምንት አልሆነውም ነበር።

ያ ዕቃ ለእኔ ዕቃ ብቻ አልነበረም። ሐዋሳ የመጣሁት በአንድ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ተቀጥሬ ነው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ባልደረቦቼ ወደየአገራቸው ተበተኑ፤ እኔ ደግሞ ደሴ ገብቼ ምን እሠራለሁ እያልኩ፣ እዚህም እዚያም የሰው ጽሑፍ እየተየብኩ ቀረሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ብቻቸውን ናቸው። በስልክ «ደህና ነኝ» ይሉኛል፤ ሰው ደህና ሲሆን የሚለው «ደህና ነኝ» እንዳልሆነ ግን ከድምፃቸው አውቀዋለሁ። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ አዲስ አበባ ያለ አንድ የጽሑፍ ድርጅት ለሙከራ ወሰደኝ። ሥራው የተቀዳ ቃለ መጠይቅ እየሰሙ መተየብ ነው። ከየትም ሆኖ ይሠራል፤ ከአባቴ ሳሎንም ጭምር። ሙከራውን ካለፍኩ ዕቃዬን ጠቅልዬ አገሬ መግባት ነው። የመጨረሻውን ጽሑፍ በተባለው ዓርብ ጠዋት ካላስረከብኩ ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህንንም በትሕትና ጽፈውልኛል፤ ትሕትናው እንዳያሳስተኝ ደግመው ጽፈውልኛል።

«ኢንተርኔት ቤት አትሄጂም?» የሚለኝ አይጠፋም። ሄጄ ነበር። በአንድ ጆሮዬ ስለ ድርቅ የምትናገር ገበሬ እናት፣ በሌላው ጆሮዬ አጠገቤ ኳስ የሚያዩ ጎረምሶች። ቤቴ ገብቼ ሳነበው የእናትየዋ ላም በሞተችበት ቦታ ላይ «የማዕዘን ምት!» ብዬ ጽፌያለሁ።

ስለዚህ ላፕቶፑን አቅፌ ፒያሳ፣ ወደገዛሁበት ሱቅ ወረድኩ።

ሱቁ ግድግዳ ላይ ሁለት ማስታወቂያ ጎን ለጎን ተለጥፏል። አንዱ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይላል። ሁለተኛው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ልገዛ የመጣሁ ቀን ያነበብኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ባለሱቁ አንደበቱ የለሰለሰ፣ በየንግግሩ መካከል ጌታን የሚያመሰግን ሰው ነው። «የአንድ ዓመት ጋራንቲ አለው፤ እህቴ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂ» ብሎኝ ነበር። የታዘዝኩትን አደረግሁ፤ ጨፍኜ ወሰድኩ።

«እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ!» አለኝ አሁንም። ያው ፈገግታ አለ። ላፕቶፑን ከቦርሳዬ ሳወጣ ግን ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ይጨልማል» አልኩት።

«እንዴት ነው የሚጨልመው?»

«በቃ፣ ይጨልማል።»

ከፈተው። በራ። እንደበራም ቆየ። ዕቃ ሁሉ ባለሱቅ ፊት ሲቀርብ ጨዋ ይሆናል።

«ይኸው ይሠራል፤ ጌታ ይመስገን።»

«ትንሽ እንጠብቀው ወንድሜ።»

ጠበቅን። አንድ ሰው ገብቶ ፍላሽ ገዛ። ሌላዋ የቻርጀር ዋጋ ጠይቃ ተቆጥታ ወጣች። ከዚያ ጨለመ። በገዛ ንብረቱ መበላሸት የዚያን ያህል የተደሰተ ሰው ከእኔ በፊት ይኖር ይሆን?

ባለሱቁ ላፕቶፑን ሳይሆን እኔን አየኝ። «ምን አድርገሽው ነው?»

ይህ ጥያቄ በየሱቁ ያለ ነው። ዕቃ በተፈጥሮው ንጹሕ ነው፤ ኃጢአት ያለው ገዢው ላይ ነው። ቻርጀሩን ከግድግዳ ነው ወይስ ከማከፋፈያ የምሰካው? ልጆች ይነኩታል? ልጆች የሉኝም። ውሃ? ቡና? አጠገቡ ውሃ እንኳ ጠጥቼ አላውቅም።

«ሥራ ስትጨርሺስ የት ታስቀምጪዋለሽ?»

«ጠረጴዛ ላይ። ዳንቴል አለብሰዋለሁ።»

ዓይኑ በራ። «ዳንቴል! አየሽ? አፍነሽው ነው።»

«ጠፍቶ እያለ እኮ ነው የማለብሰው።»

«ቢሆንም።»

«ዳንቴል ሁለመናው ቀዳዳ ነው፤ ምኑ ያፍናል?»

«እህቴ፣ እኛ አንከራከርም። ትተሽው ሂጂ፤ ቴክኒሽያኑ ያየዋል። አሁን ወጣ ብሏል፤ ነገ ብቅ በይ።»

ነገ ብቅ አልኩ። ቴክኒሽያኑ ወጣ ብሏል። ከነገ ወዲያም ብቅ አልኩ፤ አሁን ነበር፣ ወጣ ብሏል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው፤ መንገዱ አስቸጋሪ ነው፤ ጌታ ያውቃል። ከታቦር ፒያሳ እየተመላለስኩ የባጃጅ ሾፌሮቹ ሁሉ ለመዱኝ፤ አንዱማ «ዛሬስ ተመለሰ ሰውዬው?» ይለኝ ጀመር። ያን ቴክኒሽያን ያየው ሰው የለም። ስሙንም የሚያውቅ የለም። ማታ ማታ ለድውያንና ለመንገደኞች ስጸልይ «ወጥቶ የቀረውንም ቴክኒሽያን በሰላም መልሰው» እያልኩ ጨመርኩለት፤ እንዲህ ያለ ሰው ከድውይም ከመንገደኛም ወገን ሊሆን ይችላል።

ጸሎቴ ተሰማ መሰለኝ፣ በስተመጨረሻ ራሱ ባለሱቁ ደወለ። «እህቴ፣ በአዲስ ቀይረንልሻል! ነይ ውሰጂ።»

በርሬ ሄድኩ። ላፕቶፑን ራቁቱን ሰጠኝ።

«ካርቶኑስ?» አልኩት።

«ካርቶኑ ላይ ነው እንዴ የምትጽፊው?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁለት። ጋራንቲ ማለት እንዲህ ነው፤ ሲያንገላታም ቢሆን ይደርሳል፤ ሰውዬውን በክፉ ማሰቤ ተገቢ አልነበረም፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቤቴ ገባሁና ሥራ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር አልጨለመም። አንድ ገጽ፣ ሌላ ገጽ፣ ምንም። ከዚያ አንዲት ሙሽራ ስለ ጋብቻዋ የምትናገርበት ቦታ ስደርስ ማሽኑ ራሱ መጻፍ ጀመረ፤ «ልልልልልልልል»። እጄን አነሣሁ። እልልታው ቀጠለ። መስመሩን ሞልቶ ወደሚቀጥለው ወረደ። የሙሽራዋ ወገን ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ተወትፎበት እንደሆነ ብዬ ገለበጥኩት። ከሥሩ፣ ከሞዴሉ ምልክት አጠገብ፣ ውስጡን በሚያሳይ ፕላስተር የተሸፈነች ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። በእጅ የተጻፈ ዓረብኛ ነው። ዓረብኛ አላነብም፤ ግን የደሴ ልጅ ነኝ። ያንን ቅርጽ በጎረቤቶቻችን ሳሎን፣ በበራቸው አናት ላይ ሳየው ነው ያደግሁት። ቢስሚላህ ነው።

እኔም እንዲህ ያለ ልማድ አለኝ። አዲስ ዕቃ ቤቴ ሲገባ ከሥሩ በመርፌ ትንሽ መስቀል እጭርበታለሁ። ጃንጥላዬ አላት፣ ምድጃዬ አለው፤ ያ የመጀመሪያው ላፕቶፕም ነበረው። ስለዚህ ወረቀቷን ሳይ ምን እንደሆነች ለመረዳት ቴክኒሽያን አላስፈለገኝም። ከፋብሪካ የሚመጣ ዕቃ ቢስሚላህ ተለጥፎበት አይመጣም። ከእኔ በፊት አንድ ሰው ጸልዮበታል። ጸሎቱን አልጠላሁትም፤ «አዲስ» የሚለውን ነው የጠላሁት።

በማግሥቱ ረቡዕ ነበር። ዓርብ ደጃፌ ላይ ቆሟል። ሱቁ ስደርስ አንድ እናት ቀድመውኝ ባንኮኒውን ይዘዋል። ምሥራቅ በሚባለው ሰፈር የጨርቅ ሱቅ እንዳላቸው፣ ላፕቶፑን ዩኒቨርሲቲ ለምትማር ልጃቸው እንደገዙላት ኋላ አጫወቱኝ። ለጊዜው ያየሁት ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው፣ የተገለበጠ ላፕቶፕ ላይ አንድ ጣታቸውን ተክለው ቆመው ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ እናቴ?»

«ይሄ። መስቀሉ።»

ባለሱቁ አጎነበሰ። አተኩሮ አየ። «ዲዛይን ነው እናቴ። ከፋብሪካው ነው።»

«ፋብሪካው የት ነው? ላሊበላ?»

እኔ በሩ ላይ ቀጥ አልኩ። መስቀሉን አወቅሁት፤ መርፌው አዳልጦኝ ቀኝ ክንዱ ዘመም ያለ ነው። ጠጋ ብዬ የያዝኩትን ላፕቶፕ ከእሳቸው ጎን ገልብጬ አስቀመጥኩ።

«ይቅርታ እናቴ፣ እሱ የእኔ ነው። ይሄኛውስ የማን ይሆን?»

መነጽራቸውን ከሻሻቸው ሥር አውርደው አዩ። «ያ ረቢ! የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው! ለልጄ ስሰጣት እኔ ነኝ የለጠፍኩት!» ወደ ባለሱቁ ዞሩ። «የዚህኛው ፋብሪካ ደግሞ መካ ነው በለኛ!»

ባለሱቁ ሊያፍር ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲያውም ፊቴን ልመልስለት ዝግጁ ነበርኩ። አላፈረም። አሰበ።

«የእርስዎ ላፕቶፕ ችግሩ ምን ነበር እናቴ?»

«ራሱ ይጽፍ ነበር።»

«አሁን ራሱ ይጽፋል?»

«አሁንማ ይጨልማል እንጂ ምኑን ይጽፋል!»

«እሺ። የአንቺስ እህቴ፣ ይጨልም ነበር። አሁን ይጨልማል?»

«አይጨልምም። ራሱ ይጽፋል።»

እጆቹን ዘረጋ። «ታዲያ ሁለታችሁም ያመለከታችሁት ችግር ተፈቷል እኮ።»

ዳኛ ቢኖር ኖሮ ይግባኝ የሚባልበት ቀዳዳ አይገኝም ነበር። እኔ እንኳ ለአፍታ ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር።

የጨርቅ ነጋዴዋ ግን ከእኔ በላይ ሱቅ ያውቃሉ። «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ሸጫለሁ። የተቀደደ ጣቃ ሲመለስልኝ፣ ሌላ የተቀደደ ጣቃ ለመለሰችው ሴት 'ቀዳዳው ቦታ ቀይሯል' ብዬ አልሰጥም።»

«እናቴ፣ አዲስ ዕቃ የለም። ከአዲስ አበባ አልገባም። መንገዱ...»

«ተወው መንገዱን። አንተ የምትሠራበት ያ ነው?» ባንኮኒው ጫፍ ላይ የተከፈተውን ላፕቶፕ አሳዩት።

«አዎ፣ እሱ የሱቁ ነው።»

«ይሠራል?»

«ይሠራል እንዴ! እሱማ ፍጥነቱ ለብቻው ነው፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ...» ልማድ ሆኖበት ማሻሻጥ ጀምሮ ነበር። መሃል ላይ ገባውና አፉ ተከፍቶ ቀረ።

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጄ፣ ለምንሽ ነው የምትፈልጊው?»

ነገርኳቸው፤ ዓርብን፣ ሙከራውን፣ ደሴን፣ አባቴን።

«የእኔዋ ፈተና ገና ነው፤ ትቆያለች» አሉ። «ያንተን ለእሷ ስጣት።»

«እናቴ! የሥራ ዕቃዬ ነው!»

«የእሷስ የጨዋታ ነው?»

«እኔስ ታዲያ በምን ልሥራ?»

«ከሁለቱ ምረጣ። አንዱ ይጨልማል፣ አንዱ ራሱ ይጽፍልሃል። ችግራቸው ተፈቷል ብለኸናል።»

ይህን ብለው በሩ አጠገብ ያለውን የደንበኛ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። መቁጠሪያቸውን አወጡ። «እኔ አዲሱ እስኪመጣ እዚሁ ነኝ። ሱቄን እህቴ ትጠብቅልኛለች።»

አንድ ባልና ሚስት ገቡ። እናትየው በደስታ ተቀበሏቸው። «ግቡ ግቡ! ልጁ መልካም ልጅ ነው፤ አንደበቱም ማር ነው። ዕቃው ብቻ ነው ትንሽ የሚያስቸግረው። የምትገዙትን ገልብጣችሁ ከሥሩ እዩ፤ የማን እንደነበር ይነግራችኋል።»

ባልና ሚስቱ ተያይተው ወጡ። ባለሱቁ የሱቁን ላፕቶፕ ነቅሎ ከነቻርጀሩ በእጄ ላይ አኖረ።

«በፈቃድህ ነው ወንድሜ?» አልኩት። ያለ ፈቃድ የሰው ንብረት መውሰድ አልፈለግሁም።

ወንበሩን አየ። «ተባረኪ፣ ውሰጂ» አለ። እንዲህ ዓይነቱ ፈቃድ ፈቃድ መባል አለመባሉን የንስሐ አባቴን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ከሥራው በኋላ።

እውነትም ማሽኑ ፍጥነቱ ለብቻው ነው። ቤቴ ገብቼ ሳልነሣ ተየብኩ። ችግሩ አንድ ነው፤ ሰውዬው በጥድፊያው ቴሌግራሙን ሳይዘጋ ነው የሰጠኝ። በጽሑፌ ጥግ ላይ የሰው መልእክት ብቅ ይል ጀመር። የሌላ ሰው ደብዳቤ አላነብም፤ ግን ዓይን ላይ ዘሎ የሚወጣን ነገር እንዴት አለማንበብ ይቻላል?

«ወንድሜ፣ ፕሪንተሬ እንዴት ሆነ?»

«ቴክኒሽያኑ ተመለሰ?»

«ከይርጋዓለም ለሦስተኛ ጊዜ ልመጣ ነው፤ ካለህ ንገረኝ፣ ከሌለህም ንገረኝ።»

ይባስ ብሎ እሱ ከስልኩ የሚመልሰውም እዚያው ይታያል። «ተባረክ ወንድሜ፣ ነገ ብቅ በል።» «እህቴ፣ ዕቃው መንገድ ላይ ነው።» ለአንዱማ «ይቅርታ፣ ኮምፒውተሬ ተበላሽቶ ነው መረጃውን ያላየሁት» ብሎ ጻፈለት። የተበላሸው ኮምፒውተር ጣቶቼ ሥር ነበር፤ በሕይወቴ እንደሱ ጤነኛ ማሽን አላየሁም።

ሐሙስ ጠዋት ደወለ። «እህቴ፣ እንዴት አደርሽ? ምን መሰለሽ... ያ ቴሌግራም ተከፍቶ ነው እንዴ?»

«ተከፍቷል።»

«መልእክት ይታይሻል?»

«ሳልፈልግ።»

ቴሌግራሙን ከስልኩ ሆኖ ሊዘጋው ይችል እንደነበር የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ኮምፒውተር ሻጭ ነው እንግዲህ። «እስቲ አንዴ ለይርጋዓለሙ ሰውዬ እንደ ሱቁ ሆነሽ ጻፊልኝ» አለ፤ «ዕቃህ ነገ ይደርሳል በይው። እናትየው እዚህ ተቀምጠው መልእክት እንኳ በሰላም አላስጽፍ ብለውኛል። በጻፍኩ ቁጥር 'ምን ብለህ ዋሸኸው?' ይሉኛል።»

«ነገ ይደርሳል?»

«አይ... እንዲያው ለማረጋጋት ነው።»

«እሱን አልጽፍም ወንድሜ። እውነቱን ጻፊ ካልከኝ እጽፋለሁ።»

«እውነቱ ምንድን ነው?» አለኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀኝ።

«ያለህ ዕቃ የተበላሸ መሆኑን፣ የሚጠግነው ሰው አለመኖሩን፣ ይህ ቢሰለቸው ወንበር ይዞ እንዲመጣ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ዓርብ ጠዋት ጽሑፉን ልኬ፣ «ደርሶናል» የሚለውን መልስ አይቼ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ባለሱቁ ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ገብቷል! ለእኛ ሲባል ያን ሁሉ ጊዜ ተዘግቶ የከረመ መንገድ፣ ለእሱ ሲባል በአንድ ሌሊት ተከፈተ። ስደርስ ሁለት ካርቶን፣ ማሸጊያቸው ያልተነካ፣ ባንኮኒው ላይ ተቀምጠዋል። የጨርቅ ነጋዴዋ ሁለቱንም ራሳቸው ከፈቱ፣ ገለበጡ፣ በመነጽራቸው ሥራቸውን መረመሩ።

«ንጹሕ ነው» አሉ። «ማንም አልጸለየበትም።»

የሱቁን ማሽን መለስኩለት። አመስግኜም፣ ከልቤ፣ «የሌሎቹስ?» አልኩት።

«የትኞቹ ሌሎች?»

«ባለ ፕሪንተሩ። የይርጋዓለሙ ሰው።»

ቴሌግራሙን ለመዝጋት ተጣደፈ። ሁለታችን አዲስ ዕቃ ያገኘነው፣ እውነት ከእኛ ጋር ስለነበረች አይደለም፤ እውነትማ ከፕሪንተሩ ሰውዬም ጋር አለች። እናትየው ስለተቀመጡና ገዢ ስለሸሸ ነው። ጋራንቲው የተጻፈው ወረቀት ላይ ነበር፤ የሠራው ግን ወንበሩ ነው። ይህን ስላቸው ካርቶናቸውን በክንዳቸው ሸጉጠው፣ «እኔ እዚሁ ምሥራቅ ነኝ ልጄ፤ እያለፍኩ አየዋለሁ» አሉኝና ባለሱቁን ገላመጡት። ሰላም ብለው ሲወጡ ሰውዬው ወንበሩን ወደ ቦታው አልመለሰውም፤ ባንኮኒው ሥር ደበቀው።

የድርጅቱ መልስ በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። ወስደውኛል። ወዲያው ደሴ ደወልኩ። አባቴ ሥራው ምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸው ነበር፤ እንደ አዲስ አስረዳኋቸው፤ ሰው ሲናገር እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እልካለሁ፤ ከየትም ሆኜ።

«ከዚህም ሆነሽ?»

«ከዚያም ሆኜ አባባ። ከሳሎኑ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ሳሎኑ ውስጥ እንኳ እህል አስገብቼበታለሁ። ላስወጣው ነዋ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መቼ ነው የምትነሺው?»

«ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ» አሉ፣ አጠገባቸው ሌላ ሰው ያለ ይመስል ጮክ ብለው። «እንግዲያው እህሉን ዛሬውኑ ነው ማስወጣት ያለብኝ» ብለው ደህና ዋይ እንኳ ሳይሉኝ ዘጉት።